በስኮፕ ርቀት መገመት፦ የአየር ጠመንጃ ተኳሾች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

የምተኩሰው እንግሊዝ አገር ነው። እሑድ ጠዋት፣ ጫካ ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ እርጥብ ሣር ላይ ተቀምጬ። አዲስ ሰው ይዤ በሄድኩ ቁጥር የሚመጡት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው። ግማሾቹን እኔም ስጀምር ጠይቄያለሁ። ግማሾቹን ደግሞ መጠየቅ ሲገባኝ ሳልጠይቅ ቀርቼ ዋጋዬን አግኝቻለሁ።

ፊልድ ታርጌት የምትሉት ነገር ምንድን ነው? ኦሊምፒክ ላይ የምናየው ነው?

አይደለም። የኦሊምፒኩ የአየር ጠመንጃ ውድድር ከ1984 (እ.ኤ.አ.) የሎስ አንጀለስ ጨዋታ ጀምሮ ያለ ነው። ርቀቱ ሁልጊዜ 10 ሜትር ነው፤ ስኮፕ (ጠመንጃ ላይ የሚገጠም፣ የሚያጎላ ማነጣጠሪያ መነጽር) አይፈቀድም። የኢላማው መሃል 0.5 ሚሊ ሜትር የምታክል ነጥብ ናት። እዚያ ርቀት የሚገምት ሰው የለም፤ ተለክቶ ያለቀ ነው።

ፊልድ ታርጌት በ1980 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ እንግሊዝ፣ ሰሴክስ ውስጥ ማጋም ዳውን በምትባል መንደር የተጀመረ ጨዋታ ነው። ከብረት የተቆረጡ የአይጥ፣ የጥንቸል፣ የቁራ ቅርጾች ጫካ ውስጥ ይተከላሉ። እያንዳንዱ ቅርጽ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ። ጥይቷ በቀዳዳው ካለፈች ከኋላ ያለችውን ትንሽ ብረት ትመታና ቅርጹ ጧ ብሎ ይወድቃል። የቀዳዳውን ዙሪያ ከመታች ግን "ቲን" የሚል ድምፅ ብቻ ነው የምትሰሙት። ነጥብ የለም። ከዚያ ገመድ ስቦ ማንሳትና ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው።

ኢላማዎቹ ከ8 እስከ 55 ያርድ፣ ማለትም ከ7 እስከ 50 ሜትር ገደማ ባለው ርቀት የትም ሊሆኑ ይችላሉ። የትኛው የት እንዳለ የሚነግራችሁ የለም። የጨዋታው ግማሽ ይኼ ነው።

ኢላማው ወለል ብሎ እየታየኝ ርቀቱን ማወቅ ምን ያደርግልኛል? መሃሉ ላይ አነጣጥሬ ብተኩስስ?

በክላሽ ቢሆን ልክ ነበራችሁ። የክላሽ ጥይት በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ትበራለች፤ 50 ሜትር ለእሷ ምንም ማለት አይደለም። የኛዋ ግን 4.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት፣ ከግማሽ ግራም ትንሽ የምትበልጥ እርሳስ ናት። ከአፈሙዝ ስትወጣ በሰከንድ 240 ሜትር ገደማ ነው ፍጥነቷ፤ እየሄደች ደግሞ በጣም ትደክማለች። ስለዚህ የምትሄደው እንደተወረወረ ድንጋይ ቅስት ሠርታ ነው።

በቁጥር እንየው። ስኮፑ ከአፈሙዙ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተገጥሟል እንበል። ጠመንጃው 35 ሜትር ላይ ልክ መሃል እንዲመታ ተስተካክሏል። በግምት እንዲህ ይሆናል፦ 20 እና 30 ሜትር ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትመታለች። 40 ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ትወርዳለች። 45 ላይ 4 ሊሞላ ምንም አይቀረው። 50 ላይ 6.5 ይሆናል።

እስቲ 20 እና 30ን አስተያዩ። 10 ሜትር ሙሉ ተሳስታችሁ ጥይቷ ቦታዋን አልቀየረችም። 45 እና 50 መካከል ግን 5 ሜትር ብትሳሳቱ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ትስታላችሁ። ትልቁ የተለመደ ቀዳዳ 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ስለዚህ ብረቱ "ቲን" ይላል፣ ጎረቤት ተኳሽ ፊቱን ያዞራል።

ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው። የርቀት ግምት ችግር የሩቁ ጫፍ ችግር ነው። አዲስ ሰው ከ15 እስከ 30 ሜትር ያለውን ሲለካ ይውልና ይደክመዋል፤ ጭንቀቱን ለመጨረሻዎቹ 10 ሜትሮች ቢያስቀምጠው ይሻለው ነበር። ከ10 ሜትር በታች ያለውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚያ ጥይቷ ገና ወደ ስኮፑ መስመር እየወጣች ስለሆነች ዝቅ ብላ ትመታለች፤ ቀዳዳዎቹም ቅርብ ሲሆኑ ትንንሽ ናቸው።

በሌዘር መለኪያ አልለካውም?

ውድድር ላይ አይፈቀድም። ርቀቱ የሚገመተው በዓይንና ጠመንጃው ላይ በተገጠመው ስኮፕ ብቻ ነው። ቤት ስትለማመዱ ግን ግምታችሁን ለማረጋገጥ ጥሩ ነገር ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ እንጂ፦ መጀመሪያ ገምቱ፣ ከዚያ ለኩ። ቀድሞ የለካ ሰው ዓይኑ መልሱን ስለሚያውቅ የፈለገውን ያይለታል።

ስኮፕ እንዴት ነው ርቀት የሚለካው?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በጥራት ነው። ምስሉ ጥርት እስኪል ድረስ ከስኮፑ ጎን ያለውን መዘውር ታዞራላችሁ፤ ከዚያ መዘውሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ታነባላችሁ። ሁለተኛው በመጠን ነው። ስኮፑ ውስጥ ባሉት ነጥቦች ወይም ሰረዞች የኢላማውን ስፋት ለክታችሁ ርቀቱን ታሰላላችሁ።

ፊልድ ታርጌት የሚጫወቱት አብዛኞቹ የሚተማመኑት በመጀመሪያው ነው። እኔም እንደዚያው። ሁለተኛው ለማረጋገጫ ይጠቅማል።

ያ መዘውር እኮ የፓራላክስ ማስተካከያ ነው ይሉኛል። ፓራላክስና ርቀት ምን አገናኛቸው?

ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ተቀምጣችሁ የሾፌሩን ፍጥነት ቆጣሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሾፌሩ 60 የሚያነበውን መርፌ እናንተ ከጎን ስታዩት 50 ወይም 70 ሊመስላችሁ ይችላል። መርፌውና ቁጥሮቹ አንድ ገጽ ላይ ስላልሆኑ ነው። ፓራላክስ ማለት ይኸው ነው።

ስኮፕ ውስጥም መስቀሉ (የምናነጣጥርባቸው የተቆራረጡ መስመሮች) እና የኢላማው ምስል አንድ ገጽ ላይ ካልተገናኙ፣ ጭንቅላታችሁን ትንሽ ስታንቀሳቅሱ መስቀሉ ኢላማው ላይ ይዋኛል። መዘውሩ በውስጥ ያለውን ሌንስ አንቀሳቅሶ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። ለ10 ሜትር የሚያገናኘው ቦታ ሌላ ነው፣ ለ50 ሜትር ሌላ። እንግዲህ የትኛው ቦታ ላይ እንደተገናኙ ካወቃችሁ ርቀቱን አወቃችሁ ማለት ነው። የስኮፑ ሠሪዎች መዘውሩን የሠሩት ምስሉ እንዲጠራና ፓራላክሱ እንዲጠፋ ነው። ርቀት መለኪያ ያደረጉት ተኳሾቹ ናቸው።

ታዲያ መዘውሩ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ልመን?

አትመኑ። የፋብሪካው ቁጥር የፋብሪካው ነው። የእናንተ ዓይን፣ የእናንተ ማጉላት፣ የእናንተ የአየር ጠባይ እዚያ ውስጥ የለም። የራሳችሁን ጻፉ። ግማሽ ቀን ይበላል፣ ግን ከዚያ በኋላ የምታደርጉት ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሜዳ ላይ 50 ሜትር ሜትሮ እዘረጋለሁ። የምለካው ከመሬቱ ጫፍ ሳይሆን ጠመንጃውን ይዤ ስቀመጥ ስኮፑ ካለበት ቦታ ነው። ካርቶን ላይ የጋዜጣ ቁራጭ እለጥፋለሁ፤ ደቃቅ ፊደል ጥራቱን ቶሎ ይናገራል። መዘውሩ ዙሪያ ነጭ ፕላስተር እጠቀልላለሁ። ከዚያ ካርቶኑን 8 ሜትር ላይ አቁሜ እጀምራለሁ። እስከ 20 በየ2 ሜትሩ፣ እስከ 40 በየ2.5 ሜትሩ፣ ከ40 በኋላ በየሜትሩ።

ሁለት ነገር ላይ ችክ ልበል። አንደኛ፣ መዘውሩን ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ አምጡት። እኔ ከቅርብ ወደ ሩቅ ነው የማዞረው። ውስጡ ያሉት ጥርሶች ትንሽ ክፍተት ስላላቸው፣ ከዚህ ስትመጡ የሚጠራበትና ከዚያ ስትመጡ የሚጠራበት ቦታ አንድ አይሆንም። አልፋችሁት ከሄዳችሁ አትመልሱት፤ መጀመሪያው ድረስ ወስዳችሁ እንደገና ኑ።

ሁለተኛ፣ በየርቀቱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ አድርጉት፣ በመሃሉ ዓይናችሁን ከስኮፑ አንሥታችሁ ራቅ ያለ ዛፍ እያያችሁ። ብዙ ካፈጠጣችሁ ዓይን ራሱ ብዥታውን ማስተካከል ይጀምራል። ያኔ ሁሉም ነገር የጠራ ይመስላል። ሦስቱ ምልክቶች ተቀራርበው ካረፉ መሃላቸውን በእርሳስ ጻፉ። በእርሳስ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይመጣል።

ቅርቡ ላይ ቁጥሮቹ ሰፊ ቦታ አላቸው፣ ሩቁ ላይ ግን ተጨናንቀዋል። ስኮፔ ተበላሽቶ ነው?

ደህና ነው። የብርሃን ጠባይ ነው። ሌንሱ የሚንቀሳቀሰው በርቀቱ ልክ ሳይሆን፣ ከሞላ ጎደል አንድን ለርቀቱ አካፍላችሁ በምታገኙት ቁጥር ልክ ነው። አንድን ለ45 እና ለ50 ብታካፍሉ ልዩነቱ 0.0022 ነው። ያንኑ ያህል ልዩነት ቅርብ ላይ የምታገኙት በ10 ሜትርና በ10 ሜትር ከ23 ሴንቲ ሜትር መካከል ነው። በቀላሉ፣ ሩቅ ላይ 5 ሜትር የሚወስደው የመዘውር እንቅስቃሴ ቅርብ ላይ አንድ ስንዝር ብቻ ይወስዳል።

ክፋቱ ደግሞ ጥይቷ ቶሎ የምትወድቀውም ሩቁ ላይ መሆኑ ነው። በጣም ትክክል መሆን ያለብን ቦታ ላይ መሣሪያው በጣም ደካማ ነው። ትልልቅ መዘውር የሚገጠመው ለዚህ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መዘውር ዙሪያው 47 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዕቃው የምግብ ሳህን ያክላል፤ የሚያዩት ሰዎች ይስቃሉ። ግን በትንሹ ጉጥ ላይ ተደራርበው የነበሩት 45 እና 50 እዚህ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያገኛሉ።

ምን ያህል የሚያጎላ ስኮፕ ያስፈልጋል?

በጥራት ለመለካት ከሆነ ብዙ። ከ35 እስከ 50 እጥፍ የሚያጎሉ ስኮፖች ውድድር ላይ በብዛት ታያላችሁ። ምክንያቱ ኢላማውን ትልቅ አድርጎ ማሳየቱ ብቻ አይደለም። ማጉላቱ ሲጨምር ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ይጠባል፤ ከፊቱም ከኋላውም ያለው ይደበዝዛል። ለፎቶ አንሺ ይኼ ችግር ነው፣ ለኛ ግን መለኪያችን እሱ ነው። በ10 እጥፍ ከ25 ሜትር እስከ 50 ሁሉም ነገር ደህና የጠራ ይመስላል፤ ምንም አይነግራችሁም።

ዋጋውም አለው። ምስሉ ይጨልማል፣ የልብ ምታችሁ ሳይቀር መስቀሉን ሲያዘልለው ታያላችሁ። ርቀቱን በትልቁ ለክቶ ለመተኮስ ዝቅ የሚያደርግ አለ። እኔ እዚያው ትቼው እተኩሳለሁ፤ አንድ ነገር በነካካሁ ቁጥር አንድ ነገር እረሳለሁ።

ሚልዶት አለኝ። በእሱ እንዴት ነው የማሰላው?

ሚልዶት ስኮፑ ውስጥ በአንድ አንድ ሚል ርቀት የተደረደሩት ነጥቦች ናቸው። አንድ ሚል ማለት 1,000 ሜትር ላይ 1 ሜትር፣ ወይም ለኛ በሚመች አነጋገር፣ በእያንዳንዱ ሜትር 1 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የነገሩን ስፋት በሚሊ ሜትር ውሰዱ፣ ስኮፑ ውስጥ በያዘው ሚል አካፍሉ፣ መልሱ በሜትር ይመጣል። 40 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 1 ሚል ከያዘ 40 ሜትር ላይ ነው። 2 ሚል ከያዘ 20 ሜትር።

ሲነገር ቀላል ነው። ችግሩ እንደገና ሩቁ ላይ ነው። ያው ቀዳዳ 50 ሜትር ላይ 0.8 ሚል ይይዛል። እናንተ 0.9 ብላችሁ ካነበባችሁት 44 ሜትር ሆነ። የአንድ ሚል አንድ አሥረኛ ስታችሁ 6 ሜትር ተሳሳታችሁ ማለት ነው። ትልቅ ነገር ብትለኩ ስህተቱ ይቀንሳል፤ 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ብረት 50 ሜትር ላይ 4 ሚል ይይዛል፣ 45 ላይ 4.4። ይኼ የሚነበብ ልዩነት ነው። ግን ብረቶቹ አንድ ዓይነት ቁመት የላቸውም፤ ኢላማዎቹን የሚተክሉት ሰዎችም ይህን ስለሚያውቁ ትንሽ ጥንቸል ቅርብ፣ ትልቅ አይጥ ሩቅ አድርገው ያሾፉባችኋል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። በብዙ ስኮፖች ላይ ማጉላቱን ስትቀይሩ ነጥቦቹ መጠናቸው አይለወጥም። በነሱ ላይ ሚሉ ልክ የሚሆነው በአንድ የተወሰነ ማጉላት ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 10። በ20 እጥፍ አድርጋችሁ ካነበባችሁ መልሱን በ2 ማባዛት አለባችሁ። ነጥቦቹ ከምስሉ ጋር አብረው የሚያድጉበት ዓይነት ስኮፕ ከሆነ ይኼ ጣጣ የለም።

በሙቀቱ ወራት ልክ የነበረው በብርዱ ወራት ከዳኝ። ምን ነካው?

ሙቀት። እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውን ፕላስተር የጻፍኩት ሐምሌ ውስጥ ነበር፣ በሙቀት፣ በካናቴራ ሆኜ። በቀይ የማይለቅ ብዕር፣ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ውድድር ሄድኩ። ጠዋት 3 ዲግሪ ነበር። የመጀመሪያው ሩቅ ኢላማ ቁራ ነው፤ መዘውሩ 45 አለኝ። ለ45 አስተካክዬ ተኮስኩ። ቲን፣ ከታች። ሁለተኛው፣ ቲን፣ ከታች። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ምንም አላሉኝም። የራሳቸውን ስኮፕ ብቻ አሳዩኝ። ጀርባው ላይ የዓሣ ገንዳ ውስጥ የሚለጠፍ ዓይነት ትንሽ ቴርሞሜትር ተለጥፏል።

ስኮፑ ብረትና መስታወት ነው። ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ብረቱ ይረዝማል ያጥራል፣ ሌንሶቹም ጠባያቸው ትንሽ ይለወጣል። ቅርቡ ላይ አይታወቅም። ሩቁ ላይ ግን፣ ከላይ እንዳልኩት 5 ሜትር በጣት ስፋት ተጨናንቋልና፣ ትንሿ ለውጥ ብዙ ሜትር ታዛባለች። ምን ያህልና ወደየት እንደሆነ ከስኮፕ ስኮፕ ይለያያል።

መፍትሔው ልፋት ነው። በብርድም በሙቀትም ቀን የ35፣ የ45 እና የ50 ሜትር ምልክቶችን እንደገና ለኩና ከሙቀቱ ጋር ጻፉ። ስኮፑን ከመኪና አውጥታችሁ ውድድሩ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት በፊት ውጭ አስቀምጡት፣ ጥላ ውስጥ። ፀሐይ ላይ የተጣደ ጥቁር ቱቦ ከአየሩ ይልቅ በጣም ይሞቃል። ክለቡ የልምምድ ቦታ ላይ ርቀቱ የተጻፈበት ኢላማ ካለው፣ ጠዋት መጀመሪያ ያንን ለኩ። የ50 ሜትሩ 47 ላይ ከጠራ፣ ቀኑን ሙሉ ሩቁ ላይ 3 እየጨመራችሁ ትሄዳላችሁ።

እና በእርሳስ ጻፉ።

ኢላማው ጥላ ውስጥ ጥቁር ሆኖ ሲቀመጥ ምኑ ላይ ነው የማጠራው?

ጥቁር ብረት ላይ አትልፉ፤ የሚይዘው ነገር የለም። ማንሻ ገመዱን ፈልጉ። የገመዱ ክሮች፣ ቋጠሮው፣ ከሥሩ ያለ ሣር፣ ቀለሙን የላጡት የቀድሞ ጥይቶች ግርፋት፣ እነዚህ ጥርት ሲሉ ይታወቃሉ። ገመዱ ወደ እናንተ የሚመጣ ስለሆነ ግን ከብረቱ ጋር የታሰረበትን ቦታ እንጂ መሃሉን አትለኩ። ከኋላ ያለው ዛፍ ላይ የለካ ሰው አይቻለሁ። በጣም ጥሩ ዛፍ ነበር።

መነጽር አደርጋለሁ። ያስቸግረኛል?

አያስቸግርም፤ ስትለኩም ስትወዳደሩም ያንኑ መነጽር አድርጉ። ከሁሉ በፊት ግን ዓይናችሁ አጠገብ ያለውን የስኮፑን ጫፍ አስተካክሉ። ስኮፑን ወደ ሰማይ አዙራችሁ (ወደ ፀሐይ እንዳይሆን)፣ መስቀሉ ብቻ ጥርት ጥቁር እስኪል ጫፉን አዙሩ። ለሁለት ሰከንድ አይታችሁ ዞር በሉ፣ እንደገና እዩ። ከዚያ በኋላ አትንኩት። ከተነካ የጻፋችሁት ሁሉ ይፈርሳል። ስለዚህም ነው የጓደኛ ስኮፕ ላይ ያለው ቁጥር ለእናንተ የማይሠራው።

ኤችኤፍቲ ላይ ስኮፕ መንካት ክልክል ነው አሉኝ። እዚያስ እንዴት ይለካል?

እውነት ነው። ኤችኤፍቲ (ሀንተር ፊልድ ታርጌት) የፊልድ ታርጌት ታናሽ ወንድም ነው። ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ማጉላቱንም፣ መዘውሩንም፣ የከፍታ ማስተካከያውንም መንካት አይቻልም። ርቀቱ እስከ 45 ያርድ ነው፣ 41 ሜትር መሆኑ ነው። ደግነቱ ብረቱን ብቻ ከመታችሁም 1 ነጥብ አለ፣ ከጣላችሁት 2።

እዚያ ብልሃቱ ብዥታውን ማንበብ ነው። ስኮፑን በ10 እጥፍ ገደማና በ25 ያርድ ትተዉታላችሁ። መሃሉ ጥሩ ይታያል። 8 ያርድ ላይ ያለው በጣም ይደበዝዛል፣ 12 ላይ ያለው ትንሽ። ስንት ብዥታ ስንት ያርድ እንደሆነ ዓይናችሁ ይለምዳል። ለሩቁ ሚልዶቱ ላይ ትደገፋላችሁ።

ቁልቁል ወይም ሽቅብ ስተኩስስ?

መሬት ስባ የምትጥለው አግድም በሄደችው ርቀት ነው። ዛፍ ላይ 30 ዲግሪ ሽቅብ ያለ፣ ስኮፑ 40 ሜትር ያለላችሁን ኢላማ እንደ 35 ሜትር ቁጠሩት። ቁልቁልም ያው ነው። ሁለቱም ላይ ጥይቷ ከጠበቃችሁት ከፍ ትላለች። ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ እርሱት።

ያርድ ወይስ ሜትር?

ደስ ያላችሁን፣ ግን አንዱን። እንግሊዞቹ ያርድ ይላሉ፣ እኔ ሜትር ነው የለመድኩት። አንድ ጊዜ መዘውሩን በሜትር ጽፌ፣ የጥይቷን አወራረድ ከኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ በያርድ ገልብጬ ሁለት ወር ተኮስኩ። 50 ያርድ 45.7 ሜትር ነው። ከ4 ሜትር በላይ ስህተት ተሸክሜ እየዞርኩ ጠመንጃውን እወቅስ ነበር፤ አንዴ እንዲያውም ፈትቼ አጠብኩት።

አዲስ ስኮፕ ልገዛ ነው። ምን ልይ?

ቅርብ ድረስ መጥራት መቻሉን። ለትልቅ ጠመንጃ የተሠሩ ብዙ ስኮፖች ፓራላክሳቸው 100 ያርድ ላይ ተቆልፏል፤ ለኛ አይሆኑም። 8 ሜትር ላይ የሚጠራ ይሁን። ጠመንጃችሁ ባለ ስፕሪንግ ከሆነ ደግሞ ለስፕሪንግ የአየር ጠመንጃ ተብሎ የተሠራ መሆኑን ጠይቁ። ስፕሪንጉ መጀመሪያ ወደኋላ፣ ከዚያ ወደፊት ስለሚመታ፣ የከባድ ጠመንጃ ምት የሚችል ስኮፕ እዚህ ላይ ሲፈርስ ይታያል። በተጨመቀ አየር የሚሠራው ይኼ ችግር የለበትም። በተረፈ ከተቻለ መደብሩ በር ላይ ወጥታችሁ 40 ሜትር ርቆ ያለ የመኪና ታርጋ አጥሩና መዘውሩን አምስት ጊዜ ፈትኑት፤ አምስቱም ጊዜ አንድ ቦታ ከመጣ ዕቃ ነው።

ሌላ አገር ነው የምኖረው። ይኼ ሁሉ ቁጥር ለኔም ይሠራል?

የጥይቷ ቁጥሮች በጠመንጃችሁ ኃይል ይወሰናሉ። እኔ የጻፍኩት እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ያለ ፈቃድ መያዝ በሚቻለው ጣሪያ አካባቢ ላለው ነው፤ 12 ፉት ፓውንድ፣ 16.3 ጁል ገደማ። ስኮትላንድ ውስጥ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ ለዚህም ወረቀት ያስፈልጋል። ጀርመን ያላችሁ ያለ ፈቃድ የሚገዛው 7.5 ጁል ነው፣ ከግማሽ በታች። እዚያ ጥይቷ በጣም ስለምትንቀራፈፍ ቅስቱ ይጎብጣል፣ የርቀት ስህተትም ቀድሞ ከ30 ሜትር ጀምሮ ያስከፍላል። የትም ሁኑ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ሕግ ጠይቁ፤ የአየር ጠመንጃ መጫወቻ ነው ብሎ የሚያስብ ፖሊስ አላጋጠመኝም።

ቤት ሆኜ መለማመድ እችላለሁ?

ጠመንጃ እንኳ አያስፈልግም። መንገድ ስትሄዱ ከፊታችሁ ያለ የመብራት ምሰሶ ምረጡ፣ "38" በሉ፣ ከዚያ በእርምጃ ቁጠሩት። የእርምጃችሁን ርዝመት ቀድማችሁ ለኩት፤ የኔ 75 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ስለዚህ 50 ሜትር 67 እርምጃ ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት 10 ሜትር እየሳትኩ ነበር። ቁልቁለት ላይና ውኃ ማዶ ሁልጊዜ አሳጥሬ እገምታለሁ፤ ጠባብ መንገድ ላይ፣ በዛፍ መካከል፣ አስረዝማለሁ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ መዘውሩ 42 ሲለኝ ዓይኔ ደግሞ 50 ካለ፣ ተነሥቼ እንደገና ከ8 ሜትር ጀምሬ አዞረዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ አጥርቼ አገኘዋለሁ።